ዳገቱን በትንፋሽ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች ገና አልተከፈቱም። ወደ እንጦጦ የሚወጣው አስፋልት ግን ሰው ሞልቶበታል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ጸበል ይወጣሉ። ሯጮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ዳር ዳሩን ያልፋሉ። ከላይ ደግሞ ጭራሮና ቅጠል ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከእግራቸው ሥር ሳያነሱ ይወርዳሉ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ብስክሌት የያዝነው ጥቂቶች ነን።

የተራራ ብስክሌት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በየስልኩ የሚዘዋወረው ቪዲዮ ነው፤ ፊቱን ሙሉ የሸፈነ ወጣት ከቋጥኝ ቋጥኝ ሲዘል። እኔና ጓደኞቼ ሳምንቱን በቢሮና በሱቅ ውለን ቅዳሜ ተራራ የምንወጣ ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን የምንነዳው ሁለተኛ እጅ ብስክሌት ነው። ይህን የምጽፈውም ለእኛው ቢጤ ነው፤ ብስክሌት ለመግዛት ላሰበ፣ ወይም ገዝቶ ያለችውን ብር ምን ላይ እንደሚያውላት ግራ ለገባው። የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር፤ የመጀመሪያው ብር ለጎማና ለፍሬን ይሁን። እዚህ አገር የምንነዳባቸው የተራራ መንገዶች ለብስክሌት ተብለው አልተሠሩም። ሰው በእግሩ ያወጣቸው፣ ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ለመውረድ የሚገባው በፈለገው ቦታ መቆም የሚችል ሰው ብቻ ነው።

መውረዱ የሚመጣው ግን ከመውጣቱ በኋላ ነው። አዲስ አበባ መሀሏ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ቢለምደውም ዳገቱ አይቀልለትም። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ካላችሁማ በመጣ በማግስቱ ተራራ ይዛችሁት አትውጡ። ብርቱ ስፖርተኛ ቢሆን እንኳ ጥቂት ቀናት ከተማው ውስጥ ይንዳ፤ አለዚያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዞት ቅዳሜው ይበላሻል።

ዳገት ላይ ከጉልበት በፊት ማርሽ ነው የሚያስፈልገው። ዛሬ ውድ የሚባሉት ብስክሌቶች ከፊት አንድ ማርሽ ብቻ፣ ከኋላ 12 አላቸው። የፊቱ ባለ 32 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ባለ 51 ቢሆን፣ በ29 ኢንች ጎማ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 1 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። አሁን ደግሞ ሰው ጊዜው አለፈበት ብሎ የሚተወውን፣ ከፊት ሦስት ማርሽ ያለውን የድሮ ባለ 26 ኢንች ብስክሌት እንውሰድ። የፊቷ ትንሿ ባለ 22 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ባለ 34 ከሆነ በአንድ ዙር የሚሄደው 1 ሜትር ከ34 ነው። ስለዚህ አሮጌው ዳገት ላይ ከአዲሱ ይቀላል። ገዢ ሆናችሁ ስትሄዱ የማርሹን ብዛት ትታችሁ የፊቱን ትንሽና የኋላውን ትልቅ ጥርስ ቁጠሩ። የፊቱ ቁጥር ከኋላው በደንብ ካነሰ ብስክሌቱ እንጦጦን ይወጣል።

ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ፣ በእነዚህ ቀላል ማርሾች በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትሄዱት፤ የእግረኛ ፍጥነት ነው። ይህን የሚያፍርበት ሰው አለ፤ ከባድ ማርሽ ይዞ ከጸበልተኞቹ ሊቀድም ይታገላልና ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ልቡ ሊፈነዳ ይደርሳል። እያወራችሁ መውጣት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ አፈር ላይ ስትገቡ ደግሞ ከመቀመጫው አትነሱ። ሲነሱ ክብደት ወደፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ መሬቱን ይለቅና ባለበት ይሽከረከራል። መቀመጫው ጫፍ ላይ ተጠግቶ፣ ክርንን አጥፎ፣ ደረትን ወደ መሪው ማቅረብ ነው። የመቀመጫውን ከፍታ ለማወቅ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ወደ ታች አውርዱት፤ ጉልበታችሁ ሳይታጠፍ ከተዘረጋ ልክ ነው።

እንጦጦ ጫፍ ላይ ሲደረስ የሚያርፉበት ቦታ ሞልቷል። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የተከፈተው ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለው፤ ለጀማሪና ልጆቹን ይዞ ለወጣ ሰው ከዚያ የተሻለ መለማመጃ ከተማው አጠገብ አላውቅም። እኔ ግን የምወደው ሸንተረሩን ይዞ የሚሄደውን የእግር መንገድ ነው። ይህ ሸንተረር ውሃ የሚለያይበት ነው። በደቡብ በኩል የወደቀው ዝናብ ወደ አቃቂ ወንዞች ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ በሰሜን በኩል የወደቀው ወደ ሱሉልታ ሜዳ አዘንብሎ፣ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። የአንዱ ጠብታ መጨረሻው የአፋር በረሃ፣ የሌላው ሜዲትራኒያን ነው። ውሃ ጠጥተን በሶ የምንበላው እዚያ ላይ ነው።

መሬቱን የሚገዛው ባሕር ዛፉ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ከተማዋን በማገዶ አኑሯታል። ከሥሩ ግን ሣርና ቁጥቋጦ እንደልብ አያበቅልም፤ የተራቆተውን አፈር ዝናቡ ይጠርገዋል። ስለዚህ መንገዱ መሀል ለመሀል ቦረቦር አለበት። በጋ ላይ የደረቀው ቅጠልና የተላጠው ቅርፊት ተደራርቦ ይህን ቦረቦር ይሸፍነዋል። ከላይ ለጥ ያለ ይመስላል፤ ጎማ ሲገባበት ከሥሩ ድንጋይ ወይም ጉድጓድ አለ። ክብ ክቡ የባሕር ዛፍ ፍሬም ኩርባ ላይ ሲጠራቀም የፊቱን ጎማ ያንሸራትታል። ቅጠል የተከመረበት ቦታ ላይ ፍሬን አትያዙ፤ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነቱን ቀንሱና መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እለፉበት።

አንድ የኅዳር ጠዋት ከሸንተረሩ ወደ ታች በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ ከፊቴ አንዲት እናት ይወርዱ ነበር። ሸክማቸው ከመንገዱ ይሰፋል። ገመዱ ደረታቸው ላይ ተጠምጥሟል፤ ጭራሮው ግራና ቀኝ እየወጣ ቁጥቋጦውን ይጠርጋል። ዞር ብለው ማየት አይችሉም፤ ቢዞሩ ሸክሙ ይጥላቸዋል። ከአሥር ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቆሜ ደወሌን መታሁ።

«እማማ፣ ከኋላዎ ነኝ። አይቸኩሉ፣ እቆያለሁ።»

«ማነህ? ብስክሌት ነው? እንግዲያ ና እቺን አላቅልኝ ልጄ፤ ቀጋው ያዘኝ።»

ብስክሌቱን አጋድሜ ወረድኩ። አንዱ ቅርንጫፍ በቀጋ እሾህ ተጠላልፎ ኖሮ እርምጃ አላስኬድ ብሏቸዋል። ጓንቴ በጀኝ። ሳላቅቀው፣

«እግዜር ይስጥህ። ስትወርድ ቀስ በል፤ ከታች ከድንጋዩ ጋ ልጆቹ እያረፉ ነው። መንገዱ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

ከድንጋዩ ጋ ስደርስ እውነትም አራት ልጃገረዶች ሸክማቸውን መንገዱ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ቦታው ዓይነ ስውር ኩርባ ነው፤ ሦስት ሜትር ሲቀር እንጂ አይታዩም። የነገሩኝ ባይሆን እንኳ መቆም በምችልበት ፍጥነት መድረስ ነበረብኝ። ማየት የማትችሉበት ኩርባ ላይ ሁልጊዜ ሰው እንዳለ ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ አለም። ደወል ደግሞ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነውና ያለ እሱ አትውጡ። ቀድማችሁ ድምፅ አሰሙ፣ ተሸካሚ ሲመጣ ከመንገዱ ውረዱ፣ በሸክሙ በኩል ሳይሆን ሰፊ ቦታ ባለበት በኩል ቁሙ። መንገዱን ያወጡት እነሱ ናቸው፤ በየቀኑ የሚጠርጉትም እነሱ ናቸው።

ስለ ፍሬን በደንብ ማውራት የምፈልገው ለዚህ ነው። የዚህ ስፖርት ታሪክ ራሱ ከፍሬን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሪን በሚባል አውራጃ፣ ጆ ብሪዝ፣ ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የተባሉ ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ ከባባድ ብስክሌቶችን ከየጓዳው እያወጡ ከተራራ ይወርዱባቸው ነበር። በ1976 ውድድር የጀመሩበት ቁልቁለት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ 400 ሜትር ይወርዳል። ብስክሌቶቹ የነበራቸው ፔዳሉን ወደኋላ በመርገጥ የሚይዝ የኋላ ፍሬን ብቻ ነው። ታች ሲደርሱ ግለቱ የፍሬኑን ግራሶ አቃጥሎ ያጨሰዋል፤ ዳግመኛ ለመውረድ ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነበር። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብሎ የራሱን ፍሬም ሠራ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐር የተባለውን የተራራ ብስክሌት በብዛት አምርቶ ለገበያ አቀረበ። የፊት አሞርዛተር በሮክሾክስ ኩባንያ የተሠራው በ1989 ነው፤ ስፖርቱ ዓመታት ካስቆጠረ በኋላ። በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። እኛ ያንን ኦሊምፒክ የምናስታውሰው በፋጡማ ሮባ ማራቶንና በኃይሌ 10,000 ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ የተራራ ብስክሌት ውድድር የተካሄደው ኃይሌ ባሸነፈ ማግስት ነበር።

ወደ እኛ ቁልቁለት እንመለስ። መኪና ጠጋኝ ሁሉ የብስክሌት ፍሬን ያውቃል ማለት አይደለም። በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ከያዛችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ አንዳንዱ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፤ የሺማኖ እንዲህ ነው። ሌላው የሚሠራው ዶት በሚባለው፣ መኪና ላይ በሚሞላው የፍሬን ዘይት ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያበላሻቸዋል፤ ፍሬኑም ቁልቁለት ላይ ሊከዳ ይችላል። የትኛው እንደሚገባበት የእጀታው ዘይት መያዣ ላይ ተጽፏል።

መርካቶ አካባቢ ብስክሌቴን የሚያዩልኝ አንድ ጋሼ አሉ። በር ላይ ዱካ አስቀምጠው የሚሠሩ፣ እጃቸው ከግራሶ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ብስክሌት ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ገልብጠው በመቀመጫውና በመሪው ያቆሙታል። ጎማውን ያሽከረክሩና የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከቸርኬው አጠገብ ያስጠጋሉ። ቸርኬው አንድ ቦታ ላይ ጥፍራቸውን ጭሮ ካለፈ ተጣሟል። ከዚያ ራጂዎቹን አንድ በአንድ እንደ ክራር በጣታቸው ይመታሉ። የላላው ድምፁ ይደፈናል።

«ይቺን ስማት፣ ሞታለች» አሉኝ አንዴ። «አንድ ራጂ ሲላላ የሱን ሥራ ጎረቤቶቹ ይሠሩለታል። እነሱም ይሰበራሉ።»

«ፍሬኑስ ጋሼ?»

መልስ ሳይሰጡ በመብራት ዲስኩ መሀል አዩና ሸራውን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የሚይዘው ክፍል ከወረቀት ብዙም አይወፍርም ነበር። ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ይቀየራል፤ ካለቀ በኋላ ብረቱ ዲስኩን ይበላዋል፣ ያኔ ወጪው እጥፍ ነው። የካቴና ቅባት ወይም ዘይት የነካው ሸራም ታጥቦ እንደ ድሮው አይይዝም፤ ካቴና ስትቀቡ ዲስኩን በጨርቅ ሸፍኑት።

አያያዙ ደግሞ እንዲህ ነው። አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው የፊቱ ፍሬን ላይ ነው፤ ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደፊት ይሄዳልና። ብዙ ጀማሪ የፊቱን ይፈራል፤ «ይገለብጠኛል» ይላል። የሚገለብጠው በድንገትና በሙሉ ጡጫ ሲያዝ፣ ሰውነትም ወደፊት ተንጠልጥሎ ሲቀር ነው። በአንድ ጣት ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ አጥብቁት። ወገባችሁን ከመቀመጫው አንስታችሁ ወደኋላና ወደ ታች አድርጉ፣ ፔዳሎቹ እኩል ይሁኑ፣ ተረከዛችሁ ወደ ታች ይውረድ። ለኩርባ የሚያስፈልገውን ፍሬን ቀጥታው ላይ ጨርሱ፤ ኩርባው ውስጥ ስትገቡ ልቀቁት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳትለቁ እያሻሻችሁ አትውረዱ፤ ሸራው ይግላል፣ መያዙም ይቀንሳል። ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ለቅቆ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ዓይናችሁም የፊት ጎማው ላይ አይተከል፤ ድንጋዩን ካያችሁት ድንጋዩን ትመቱታላችሁ፣ መውጫውን እዩ። ይህን ሁሉ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሣር ላይ፣ ደጋግማችሁ ሞክሩት። በባለ ሽቦ ፍሬን የሚነዳ ሰውም አይጨነቅ፤ ሽቦው አዲስ፣ ሸራው ያላለቀ ከሆነ በደንብ ይቆማል። እጀታው መሪውን እስኪነካ የሚገባ ከሆነ ግን ያን ቀን ተራራ አይወጣም።

ጎማ ላይ ደግሞ ትልቁ ጥፋት ንፋስ ማብዛት ነው። ጎሚስታ ቤት ስትሄዱ በአውራ ጣት ተጭኖ እስከማይጎደጉድ ይሞላላችኋል፤ ለአስፋልት ጥሩ ነው፣ ለድንጋይ አይሆንም። የደነደነ ጎማ ከድንጋዩ ላይ ይነጥራል፣ የሚይዘው መሬትም ያንሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 2.25 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ከከመነዳሪ ጋር ከሆነ፣ ከፊት 26 ከኋላ 29 ፒኤስአይ አድርጎ ይጀምር። ከዚያ በታች ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬና በድንጋይ መሀል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ያለ ከመነዳሪ፣ በፈሳሽ መድፈኛ የሚሠራ ጎማ ያለው ሰው ሌላ 5 ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ ፈሳሹ ግን በበጋችን ደረቅ አየር ቶሎ ይደርቃልና በየሁለት ሦስት ወሩ ይታይ። ከመነዳሪ ለምንጠቀመው ለቀጋና ለግራር እሾህ አንድ ዘዴ አለ፤ ያረጀ ከመነዳሪ በቁመቱ ቀዶ ከአዲሱ ውጪ፣ ከጎማው ሥር ማንጠፍ። ክብደት ይጨምራል፣ እሾህን ግን በብዛት ይመልሳል። አንድ ጎማ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው አዲሱን ከፊት ያድርገው፤ የኋላው ቢንሸራተት ይመለሳል፣ የፊቱ ከተንሸራተተ መሬት ላይ ነን።

አሞርዛተርን በአጭሩ ልለፈው። ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለው ርካሽ ብስክሌት አትግዙ። ክብደቱ ብዙ ነው፤ ሞላው ይወርዳል፣ ሲመለስ ግን የሚያረጋጋው ነገር ስለሌለ ተነጥሮ ይመልሳችኋል፤ መገጣጠሚያው ቶሎ ይላላል። በዚያው ዋጋ ከፊት ብቻ ያለው፣ ወይም ጭራሽ የሌለው፣ ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ያለው ይገኛል። መቀመጫን በቁልፍ ዝቅ የሚያደርገው ዘመናዊ ምሰሶም ደስ ይላል፤ ለሌለው ግን ከመውረዱ በፊት በእጅ ፈትቶ ዝቅ ማድረግ ያው ነው።

ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። መሪውና ፍሬሙ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ብየዳው ዳር፣ ቀለሙ እንደ ፀጉር ተሰንጥቆ ከሆነ አትንኩት፤ ቀለም ብቻ ነው ቢሏችሁም። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል፣ ይህ ይቀየራል፣ ከዋጋው ግን ይቀነስ። ካቴናውን በማስመሪያ ለኩ። የካቴና ፒን ከፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ይራራቃል፤ ስለዚህ 24 ክፍተት 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። 30.6ን ካለፈ ካቴናው ተስቧል፤ ካልተቀየረ የማርሹን ጥርስ እየሞረደ ይሄዳልና ቆይቶ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚገዛው።

ሄልሜት ያለ ድርድር ነው። ውስጡ ኢኤን 1078 የሚል ምልክት ካለው የአውሮፓን የብስክሌት ሄልሜት መለኪያ ያሟላ ነው። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶ ግንባርን ይሸፍን፤ ጭንቅላት ሲነቀነቅ አብሮ አይዙር። አንዴ ክፉኛ ከተመታ ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጨምድዷል፤ ይጣል እንጂ ለታናሽ ወንድም አይሰጥ።

ከእንጦጦ ውጪ ቦታ አልጠፋም። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር ተተክሏል እየተባለ የሚነገርለት፣ ጥላው ቀዝቃዛ፣ አፈሩ ለጎማ ለስላሳ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የወንጪ ሐይቅ ዙሪያው ሲኬድበት ውሎ የሚያመሽ ነው፤ እዚያ ፈረሰኞች ብዙ ናቸው። ፈረስ ሲመጣ ቁሙና ለባለቤቱ «እንደምን ዋላችሁ» በሉ፤ ፈረሱ የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል፣ ዝም ብሎ የሚቀርበውን ጎማ ግን ይደነግጥበታል። ሱሉልታ በኩል ደግሞ የእረኛ ውሾች አሉ። ውሻ ሲመጣ ለማምለጥ አትጋልቡ፤ ውረዱና ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሀል አድርጉት፣ ቀስ እያላችሁ ተራመዱ። እረኛው ይጠራዋል። የትም ብትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም ስለ መንገዱ ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ክረምት ሲገባ ተራራውን እንተወዋለን። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜ በኮብልስቶንና በአስፋልት እንነዳለን። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያለው ዋልካ ጎማው ላይ ተለጥፎ ከፍሬሙ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጥቂት እንደሄዱ ብስክሌቱን መሸከም ይመጣል። እንጦጦ ላይ ያለው ጉዳት ግን ከብስክሌቱም ያልፋል። እርጥብ አፈር ላይ የኋላ ፍሬን ቆልፎ የተንሸራተተ ጎማ ቀጭን ቦይ ይተዋል። ቀጣዩ ዝናብ ያንን ቦይ ይይዝና ያሰፋዋል፤ ክረምቱ ሲያበቃ ሸክም የያዘች ሴት እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ አይኖርም። ቦረቦሩን የሚሠራው ውሃ ቢሆንም መንገድ የሚያሳየው አንዳንድ ጊዜ የእኛ ጎማ ነው። በጋም ቢሆን ጎማ አለመቆለፍ ጥሩ ነጂ የሚታወቅበት ነው፤ የተቆለፈ ጎማ የሚያቆመውም ከሚሽከረከረው ባነሰ ኃይል ነው።

ይህን ጉዳት መጠገን ከባድ ሥራ አይደለም። ውሃው መንገዱን ይዞ ከሚወርድበት ቦታ በላይ፣ መንገዱን ሰያፍ የሚቆርጥ ዝቅ ያለ ቦይ መቆፈርና ከታችኛው ጠርዙ አፈሩን መከመር፣ ወይም ድንጋይ መደርደር ነው። ቦዩ ወደ ቁልቁለቱ ዳር ያዘንብል፤ መውጫው ክፍት ይሁን፣ ቅጠል አይዝጋው። ቁልቁለቱ በበረታ ቁጥር ቦዮቹ ይቀራረቡ። ድንጋዮቹ ግማሽ አካላቸው መሬት ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ አህያ ያነሳቸዋል። እግር እንዳይመቱም ጫፋቸው ከመሬቱ ብዙ አይውጣ፤ ሸክም የያዘ ሰው እግሩን ከፍ አያደርግም። አምስት ሰው በሁለት ዶማ አንድ ጠዋት ላይ አንድ ክፉ ቁልቁለት ይጨርሳል። ጊዜው ከመስቀል በኋላ፣ አፈሩ ገና ሳይደነድን ነው። መጀመሪያ የደን ጥበቃዎቹን ፈቃድ ጠይቁ። ውሃው የት ጋ እንደሚሰብር ደግሞ ጭራሮ የሚሸከሙትን ሴቶች ጠይቁ፤ የትኛው ቦታ በየትኛው ወር እንደሚያስቸግር ለይተው ይነግሯችኋል።